ኬሊ ጆንሰንና ሁለቱ የቢዩክ ሞተሮች

ስለ አውሮፕላን ወሬ ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ስለ ሰማዩ ነው። ምን ያህል ከፍ አለ? ምን ያህል ፈጠነ? ማን አበረረው? እንላለን። ከመሬት እንዴት ተነሣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ክላረንስ ሊዮናርድ ጆንሰን፣ ዓለም «ኬሊ» እያለ የሚያውቀው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ሰው አብርሯቸው ከሚያውቁት የጄት አውሮፕላኖች ሁሉ ፈጣኑን የነደፈ ሰው ነው። ይህ አውሮፕላን ከድምፅ ሦስት እጥፍ በላይ ይፈጥን ነበር። ነገር ግን የራሱን ሞተር በራሱ ማስነሣት አይችልም ነበር። እሱን ለማስነሣት የቤት አውቶሞቢል ሞተር፣ ያውም ሁለት፣ ከሥሩ ተደቅኖ ማጓራት ነበረበት። የኬሊን ሕይወት ከዚህ ወገን ጀምረን ብናየው ስለ ሰውየውም ስለ ሥራውም በየመጽሔቱ ከሚነበበው ውዳሴ የተሻለ የምንረዳ ይመስለናል።

ኬሊ የተወለደው ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1910 ሚሺጋን ውስጥ፣ ኢሽፐሚንግ በምትባል የብረት ማዕድን ማውጫ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቹ ከስዊድን፣ ከማልሞ ከተማ፣ የተሰደዱ ድሆች ነበሩ። አባቱ ግንበኛ ነበር። ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው እሱ ነው። በቤተሰቡ ድህነት ያፍር ነበር፤ አንድ ቀን ሰው ሆኜ እመለሳለሁ ብሎ ለራሱ መማሉ ይነገራል። መጽሐፍ መግዛት ለማይችል ልጅ የከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ጸጋ ሆነችለት። እዚያ ተቀምጦ ቶም ስዊፍት ስለሚባል ፈልሳፊ ወጣት የተጻፉትን የጀብዱ መጻሕፍት አንድ በአንድ አነበባቸው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው በአውሮፕላን ንድፍ ሽልማት አገኘ።

«ኬሊ» የሚለውን ስም ያወጡለት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ናቸው። ክላረንስ የሚለውን ስሙን አጣመው «ክላራ» በሚል የሴት ስም እየጠሩ ያበሽቁት ነበር። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና ከሚያሾፉበት አንዱን ጠልፎ ጣለው፤ የልጁ እግር ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ክላራ ብሎ የጠራው አልነበረም። እንዲህ ያለው ተደባዳቢ አየርላንዳዊ እንጂ ስዊድናዊ አይሆንም ብለው በዘመኑ ከሚዘፈን ዘፈን ላይ ኬሊ የሚለውን ስም ወስደው ሰጡት። ቁጣው እስከ ሽምግልናው አልለቀቀውም፤ አብረውት የሠሩ ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ።

ቤተሰቡ ኋላ ወደ ፍሊንት ከተማ ተዛወረ። ፍሊንት ማለት አውቶሞቢል ማለት ነው። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በ1908 የተመሠረተው እዚያ ሲሆን፣ የቢዩክ መኪናና ሞተር የሚመረትባቸው ፋብሪካዎችም የከተማዋ ነፍስ ነበሩ። ስለ ቢዩክ ካነሣን አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንፈልግም። ስሙን ለመኪናው የሰጠው ዴቪድ ደንባር ቢዩክ ከስኮትላንድ የመጣ፣ መጀመሪያ በቧንቧና በመታጠቢያ ገንዳ ሥራ የኖረ ሰው ነበር። ኩባንያው ከእጁ ወጥቶ ሌሎች ሲከብሩበት እሱ በ1929 ዲትሮይት ውስጥ በድህነት ሞተ። የፍሊንት ወዛደሮችም ሀብቱን ሠሩት እንጂ አልበሉትም። በ1936 መጨረሻ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ውስጥ ቁጭ ብለው ሥራ አቁመው፣ በዚያ የክረምት ብርድ ከአርባ ቀን በላይ ከታገሉ በኋላ ነው ኩባንያው በፌብሩዋሪ 1937 ለማኅበራቸው ዕውቅና የሰጠው። በዚያን ጊዜ ኬሊ ከተማዋን ለቆ ሄዷል፤ ይሁን እንጂ ያደገባትን ከተማ ሳናውቅ እሱን እናውቃለን ማለት ያስቸግራል።

ከፍሊንት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1928 ጨርሶ፣ ጥቂት ጊዜ እዚያው ኮሌጅ ከቆየ በኋላ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነው። ኬሊና አንድ ጓደኛው ግን ብልኅ መላ አገኙ። የዩኒቨርሲቲው የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ሥራ በማይኖርበት ሰዓት ተከራይተው ለደንበኛ ሙከራ ይሠሩ ጀመር። የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛቸው አውሮፕላን ሠሪ ሳይሆን ስቱድቤከር የተባለው የአውቶሞቢል ኩባንያ ነበር። በሙከራው የታየው ነገር የሚገርም ነው፤ በመኪናው ፊት የተገጠሙት ትላልቅ መብራቶች ነፋሱን እየገፉ፣ ከሞተሩ ጉልበት ጥቂት የማይባለውን ያለ ጥቅም ይበሉት ነበር። እንግዲህ የዚህ ሰው የነፋስ ትምህርት የተጀመረው በመኪና ነው ማለት ይቻላል። በ1932 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1933 ማስተርሱን ያዘ።

በዚያው በ1933 ካሊፎርኒያ፣ ቡርባንክ ከተማ ሄዶ ሎክሂድ በተባለው፣ ያን ጊዜ ገና ከክስረት ባገገመ ኩባንያ ተቀጠረ። ደመወዙ በወር 83 ዶላር፣ ሥራው የመሣሪያ ንድፍ ነበር። ወጣቱ ገና ከመግባቱ፣ ኩባንያው ተስፋውን ሁሉ የጣለበት ኤሌክትራ የተባለው አዲስ አውሮፕላን በአየር ላይ ሚዛኑን አይጠብቅም ብሎ ለአለቆቹ ተናገረ። ነገሩ ድፍረት ነበር፤ ንድፉን መርምረው ደኅና ነው ካሉት መካከል የገዛ አስተማሪው ይገኝበታልና። ዋናው መሐንዲስ ሆል ሂባርድ ግን ሳያባርረው የአውሮፕላኑን ትንሽ ሞዴል አስይዞ ወደ ሚሺጋኑ የነፋስ ዋሻ መልሶ ላከው። ኬሊ ደጋግሞ ሞክሮ በጅራቱ ላይ ሁለት ቋሚ ክንፎች ቢደረጉ እንደሚበጅ አሳየ። ትክክል ነበር። ተማሪ ሆነን አስተማሪ ተሳስቷል ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የምናውቅ ይህን ታሪክ በቀላሉ አናልፈውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የአውሮፕላን ስም ዝርዝር ረጅም ስለሆነ ቶሎ ቶሎ እንለፈው። ባለ ሁለት አካሉ ፒ 38 የጦር አውሮፕላን፣ ውቧ የመንገደኞች አውሮፕላን ኮንስቴሌሽን የእሱ እጅ ያለባቸው ናቸው። በ1943 ጀርመኖች ጄት እየሠሩ መሆናቸው ሲታወቅ የአሜሪካ አየር ኃይል በአስቸኳይ ጄት እንዲሠራለት ጠየቀ። ኬሊ ጥቂት መሐንዲሶችና መቶ ያህል ሠራተኞች መርጦ፣ ቦታ ስላልነበረ በሰርከስ ድንኳን ተጠልሎ፣ ከእንግሊዞች የተገኘውን የጄት ሞተር ይዞ፣ ፒ 80 የተባለውን አውሮፕላን በ143 ቀን አወጣው። አጠገባቸው ከነበረ የፕላስቲክ ፋብሪካ የሚመጣው ክርፋት የማያስቀምጥ ስለነበር ሠራተኞቹ ቦታውን በቀልድ መጥፎ ጠረን ባላት ስከንክ በምትባል እንስሳ ስም ሰየሙት፤ ስሙ ጸንቶ ቀረ። ከዚህ ከፒ 80 ነው ኋላ ቲ 33 የተባለው የማሠልጠኛ ጄት የተወለደው። ደብረ ዘይት የሠለጠኑ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎች የጄት በረራ የተማሩበት አውሮፕላን ይኸው ነው፤ ስለዚህ የኬሊ ሥራ እኛ ዘንድም ሳይደርስ አልቀረም።

የሥራ ዘዴው ሊነገርለት ይገባል። ነዳፊዎቹን ከፋብሪካው ወለል አያርቃቸውም ነበር። መስመሩን ያሰመረው ሰው ብረቱ ሲቆረጥ በዓይኑ እንዲያይ፣ የማይገጥም ነገር ሲመጣ ብየዳ ላይ ያለው ሠራተኛ በቀጥታ ሄዶ እንዲያፋጥጠው ይፈልግ ነበር። ሪፖርት እንዲያንስ፣ ሰው እንዲያንስ፣ ሥዕሉ በቀላሉ የሚለወጥ እንዲሆን ደንብ አወጣ። አውሮፕላኑ በጦር ሜዳ በመካከለኛ ሙያ ያለ መካኒክ በጥቂት መፍቻ ሊጠገን ካልቻለ ንድፉ ወድቋል የሚል አቋም ነበረው ይባላል። ሐሳቡ አልሆነም ብሎ ካመነም ገንዘብ አያጓጓውም። በ1950ዎቹ በሃይድሮጂን ለሚበር አውሮፕላን መንግሥት ገንዘብ መድቦለት ሳለ፣ ይህ ነገር አያዋጣም፣ ሰርዙት ብሎ ያስሰረዘው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሌላውን ገጽታ አለማንሣት ማጭበርበር ይሆናል። የኬሊ ዕውቀት ያገለገለው ማንን ነው? ኤፍ 104 የተባለው ፈጣን የጦር ጄቱ ለምዕራብ ጀርመን በብዛት ተሸጦ ከ290 በላይ ተከስክሷል፣ ከመቶ በላይ አብራሪዎች አልቀውበታል። ሎክሂድ አውሮፕላን ለመሸጥ ለውጭ አገር ባለሥልጣኖች ጉቦ ሲከፍል መኖሩም በ1970ዎቹ አጋማሽ ተጋልጦ እስከ ጃፓንና ሆላንድ ድረስ መንግሥታትን አናግቷል። ዩ 2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን በ1955 የተሠራው ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ነበር። በሶቪየት ኅብረት ሰማይ ላይ ማንም አይደርስብኝም ሲል ቆይቶ ሜይ 1 ቀን 1960 በሚሳይል ተመትቶ ወደቀ፤ አብራሪው ጋሪ ፓወርስ ተማረከ፤ በዚያው ወር ፓሪስ ላይ የተጠራው የኃያላን መሪዎች ጉባኤም ፈረሰ። የግንበኛው ልጅ ሰው ሆኖ ተመልሷል፤ የተመለሰው ግን በሰባት ቁልፍ የተዘጋ ምሥጢር ተሸክሞ ነው። የሠራተኞቹ ሚስቶች እንኳ ባሎቻቸው ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ አያውቁም ነበር።

የዩ 2 ወራሽ ሆኖ የተሠራው ነው የዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው። የመጀመሪያው ኤ 12 በኤፕሪል 1962 በረረ፤ ታላቅ ወንድሙን የሚመስለው ኤስ አር 71 ደግሞ ዲሴምበር 22 ቀን 1964 ከፓምዴል ተነሣ። ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ «ጥቁር ወፍ» ይሉታል። በጁላይ 1976 በሰዓት 3,529 ኪሎ ሜትር በመብረር ክብረ ወሰን ይዟል። በዚህ ፍጥነት አየሩ ራሱ እያሸ ያግለዋልና አሉሚኒየም አይችለውም፤ አካሉ አብዛኛው ቲታኒየም ነው። ቲታኒየሙ አሜሪካ ውስጥ ስላልበቃ ከፊሉ በሦስተኛ ወገን በኩል በስውር የተገዛው ከሶቪየት ኅብረት ነበር። ይሰለል ዘንድ ከታሰበው አገር መሰለያውን መግዛት! በረራ ላይ በግለት የሚለጠጠው ብረት መሬት ላይ ሲቀዘቅዝ መገጣጠሚያው ስለሚላቀቅ ነዳጁ እየተንጠባጠበ ወለሉን ያጥበው ነበር።

አሁን ወደ ማስነሣቱ እንምጣ። አገር ቤት አሮጌ የጭነት መኪና ያየ ሰው ማኑቬላን ያውቃል። ረዳቱ የታጠፈውን ብረት ከፊት ሰክቶ፣ ላቡ እስኪንቆረቆር ያሽከረክርና ሞተሩ ድንገት ሲነሣ ብረቱ እጁን እንዳይሰብረው ዘሎ ይሸሻል። ሞተር የሚባል ነገር በራሱ መዞር እስኪችል ድረስ ሌላ የሚያዞረው ይፈልጋል። ዛሬ በመኪና ላይ ይህን የሚሠራው በባትሪ የሚዞረው ሞተሪኖ ነው። የጄት ሞተርም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብስበታል። ጄት የሚሠራው አየር ከፊት ስቦ፣ አምቆ፣ በታመቀው አየር ውስጥ ነዳጅ በማቃጠል ነው። ሳይዞር አየር አያምቅም፤ አየር ሳያምቅ አይነድም። በዝግታ እየዞረ ነዳጅ ቢለኮስበት ደግሞ እሳቱ የሚበላው የገዛ ምላጮቹን ነው። ስለዚህ አንድ ኃይለኛ ነገር ከውጭ መጥቶ መጀመሪያ በፍጥነት ሊያሽከረክረው ይገባል።

ብዙ አውሮፕላኖች ይህን የሚያደርግላቸው መሣሪያ በሆዳቸው ይዘው ይበራሉ። ጥቁር ወፍ ግን አልያዘም። የተሸከመው እያንዳንዱ ኪሎ በነዳጅ ሊተካ ይችል ነበርና፣ በበረራ ላይ የማይጠቅም ዕቃ ሁሉ መሬት ይቅር ተባለ። ጄ 58 የተባለው ሞተሩም እንዲሁ በቀላሉ የሚነሣ አልነበረም። ከፍተኛ ሙቀት እንዲችል የተቀመመው ዘይቱ ከ30 ዲግሪ በታች እንደ ቅቤ ስለሚረጋ አስቀድሞ መሞቅ ነበረበት። ነዳጁ ደግሞ በግለት እንዳይፈነዳ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ክብሪት ቢጣልበት እንኳ አይያያዝም። እሱን ለመለኮስ አየር በነካው ቅጽበት በራሱ የሚነድ ልዩ ኬሚካል ይረጭበታል፤ ሲነድ አረንጓዴ ብልጭታ ያሳያል።

ማሽከርከሩን የተረከበው ኤ ጂ 330 የተባለ ባለ ጎማ ጋሪ ነው። በጋሪው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት የቢዩክ ሞተሮች ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ይዘታቸው 6.6 ሊትር። ለቤት መኪና የተሠራ፣ አባወራ ቤተሰቡን ጭኖ እሑድ የሚንሸራሸርበት ሞተር ማለት ነው። በመኪና ላይ ሳለ 325 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ቫልቮቹ ቀጫጭን ሆነው ወደ ላይ ስለሚቆሙ መካኒኮች «ሚስማር ራስ» ይሉታል። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ፍጥነቱ ሳይሆን በዝቅተኛ ዙር ላይ የሚሰጠው የመጎተት ኃይል ነው፤ ከባድ ነገር ከቆመበት ለማንቀሳቀስ እንደ በሬ ትከሻ ያለው ነበር። የሁለቱ ጉልበት ተጣምሮ፣ ከ600 የፈረስ ጉልበት በላይ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በቆመ አንድ ዘንግ በኩል ከጄቱ ሞተር ሆድ ሥር ይሰካል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ያዩ ሰዎች አይረሱትም። ሞተሮቹ ማርሚታ የላቸውም። የጋሪው መካኒክ ነዳጅ ሲሰጣቸው አዳራሹ እንደ መኪና እሽቅድምድም ሜዳ ይናወጣል። ቢዩኮቹ እየጮሁ፣ ጄቱ ቀስ በቀስ እየተነቃቃ፣ በደቂቃ ከ3 ሺህ ዙር በላይ ሲደርስ አረንጓዴው ብልጭታ ይታያል፤ ጄቱ ይያያዛል፤ ጋሪው ይላቀቃል። ግን ገና አንዱ ነው የተነሣው። ጋሪው ተገፍቶ በሁለተኛው ሞተር ሥር ይገባና ያው ጩኸት እንደገና ይጀመራል። በልዩ ልብስ ታሽጎ ከላይ የተቀመጠው አብራሪ፣ ያ ሁሉ ሚሊዮን ዶላር በእጁ እያለ፣ ታች ያለው መካኒክ ቤንዚን እስኪሰጥ መጠበቅ ነበረበት።

ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ አንድ ቦታ አርፎ ሞተሩን ካጠፋ፣ ጋሪው፣ የዘይት ማሞቂያውና ሌላ ቦታ የማይገኘው ነዳጁ እዚያ ከሌሉ ተነሥቶ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ዓለምን በሰዓታት የሚያካልለው አውሮፕላን ቤቴ የሚለው ጥቂት ሰፈሮችን ብቻ ነበር፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢል፣ ጃፓን ውስጥ ካዴና፣ እንግሊዝ ውስጥ ሚልደንሆል። እኛ በምንማርበት በዚህ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰማይ ላይም አልፏል። በኦክቶበር 1973 በተደረገው የዓረቦችና የእስራኤል ጦርነት ጊዜ የሲናይንና የስዊዝን ግንባር ፎቶግራፍ ያነሣው ከኒው ዮርክ፣ ግሪፊስ ከሚባል የጦር ሰፈር ተነሥቶ፣ አትላንቲክን አቋርጦ፣ በአየር ላይ ደጋግሞ ነዳጅ እየተቀበለ፣ ከ10 ሰዓት በላይ በርሮ ወደ ተነሣበት በመመለስ ነበር። በወደቦቹ፣ በገበያውና በምሽጉ ላይ የነበረው ሕዝብ፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ከላይ ማን እንደሚያየው አያውቅም።

ቢዩክ ያንን ሞተር መሥራት ያቆመው በ1966 ነው። መለዋወጫው እያነሰ ሲሄድ መካኒኮቹ 7.4 ሊትር ይዘት ባላቸው የሼቭሮሌ ሞተሮች ተኩት፤ ይኸውም ከዚያው ከጄኔራል ሞተርስ ቤት የወጣ ነው። ኋላ በዋናዎቹ ሰፈሮች በታመቀ አየር የሚሠራ ማስነሻ በየአዳራሹ ተዘረጋ፤ ጸጥ ያለና የተመቸ ነበር። ጋሪዎቹ ግን ለክፉ ቀን ከነሞተራቸው ተቀመጡ።

ኬሊ በ1964 ከፕሬዚዳንት ጆንሰን የነጻነት ኒሻን፣ ሌላም ብዙ ሽልማት ተቀብሏል። ቤቱ ግን ኀዘን አላጣውም። በ1937 ያገባት፣ በኩባንያው የሒሳብ ክፍል ትሠራ የነበረችው ባለቤቱ አልቲያ በ1969 ሞተችበት። ሁለተኛ ሚስቱም በ1980 ሞተች። ልጅ አልነበረውም። በ1975 ጡረታ ወጥቶ ቦታውን ለቤን ሪች አስረከበና ለጥቂት ዓመታት በአማካሪነት ቆየ። የአሜሪካ አየር ኃይል በጃንዋሪ 1990 ጥቁር ወፍን ከአገልግሎት አሰናበተ። በማርች 6 ቀን አንዱ ወደ ሙዚየም ሲሄድ ከሎስ አንጀለስ ዋሽንግተን በ64 ደቂቃ ገባ። ኬሊ ረጅም ጊዜ ታሞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 21 ቀን ቡርባንክ ውስጥ ዐረፈ፤ ዕድሜው 80 ነበር።

ከተሠሩት 32 ኤስ አር 71 አውሮፕላኖች 12ቱ በአደጋ ጠፍተዋል፤ በጠላት ተመትቶ የወደቀ የለም። ጥቂቶቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለአጭር ጊዜ ወደ ሥራ ተመልሰው ነበር። የመጨረሻው በረራ የተደረገው በኦክቶበር 1999 ነው። ኬሊ ያደገባት የፍሊንት ትልቁ የቢዩክ ፋብሪካም በዚያው ዓመት በጁን መጨረሻ ተዘግቶ ሠራተኞቹ ተበትነዋል። ከጋሪዎቹ አንዳንዶቹ በአሜሪካ ሙዚየሞች፣ ከጥቁሩ አውሮፕላን ክንፍ ሥር፣ ከነቢዩክ ሞተራቸው ቆመው ይታያሉ።